የሰበራችሁትን ስኖውሞቢል በሽምግልና ስም አታድበስብሱት

ይድረስ፦ ለድርጅቱ ባለቤት፣ ሾፌሮችን ለሚያሰማራው ዲስፓች ክፍል፣ እንዲሁም በአሜሪካ መንገዶች ላይ ጭነት እየጫናችሁ ለምትተዳደሩ ወገኖቼ

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

የምጽፈው ከኒው ዮርክ ወደ ሚኔሶታ ስታጓጉዙልኝ ስለተሰበረው ስኖውሞቢሌ ነው። የድርጅታችሁን ስም እዚህ አልጽፍም። ማን እንደሆናችሁ እናንተ ታውቃላችሁ፣ ለእኔ ይበቃኛል። በአማርኛ የምጽፈው የተዋዋልነው በአማርኛ፣ የተደዋወልነው በአማርኛ፣ የተከራከርነውም በአማርኛ ስለሆነ ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ። ከሚኒያፖሊስ እስከ ዳላስ፣ ከዴንቨር እስከ ሲያትል በጭነት ሥራ የሚተዳደር ሐበሻ ብዙ ነው። ሾፌሩም፣ ዲስፓቸሩም፣ የመኪናው ባለቤትም፣ ዕቃውን የሚልከውም የእኛው ሰው የሚሆንበት ጊዜ ቀላል አይደለም። ስለዚህ እኔ ላይ የደረሰው ሌላም ሰው ላይ ይደርሳል። ደርሶባቸው ዝም ያሉም እንዳሉ ሰምቻለሁ።

ነገሩ ይህ ነው። የባለቤቴ ወንድም በኒው ዮርክ ግዛት ሰሜን፣ ተግ ሂል የሚባለው አካባቢ ይኖር ነበር። ከኦንታሪዮ ሐይቅ የሚነሳው እርጥብ አየር እዚያ ከፍታ ላይ ሲደርስ በረዶ ሆኖ ይወርዳል። በአንድ ክረምት እስከ 5 ሜትር የሚጥልባቸው ቦታዎች አሉ። እዚያ ስኖውሞቢል የሌለው ቤት ብርቅ ነው። ለማታውቁት ልንገራችሁ፣ ከፊት ሁለት ስኪ፣ ከኋላ ደግሞ ትራክ የሚባል ሰፊ የጎማ ሰንሰለት ያለው፣ በበረዶ ላይ የሚሄድ ሞተር ነው። አማቼ በሥራ ምክንያት ወደ ፊኒክስ ሲዛወር ፖላሪስ የተባለ ድርጅት የሠራውን ስኖውሞቢሉን ለእኔ ሸጠልኝ። አሪዞና በረሃ ላይ ምን ያደርግለታል? በእጁ ያጠበው፣ በየዓመቱ ዘይቱን የቀየረለት፣ ልጆቼ ሊጠይቁት ሲሄዱ ከኋላው አስቀምጦ ያንሸራሸራቸው ዕቃ ነው።

እኔ የምኖረው ሴንት ፖል ነው። ሚኔሶታ ውስጥ ክረምት ረጅም ነው። ከአገር ቤት የመጣን ሰዎች ከኅዳር እስከ መጋቢት ቤት ውስጥ ተዘግተን፣ መጋረጃ ጋርደን፣ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠን እንከርማለን። እኔ ይህን ለልጆቼ አልፈልገውም። እዚህ ግዛት ውስጥ ከ22 ሺህ ማይል በላይ የስኖውሞቢል መንገድ አለ፣ አብዛኛውን የሚጠብቁትም ክለቦችና በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ፖላሪስ ራሱ የተወለደው እዚሁ፣ በሰሜን ሚኔሶታ በምትገኘው ሮዞ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ልጆቼ የሚኖሩበትን አገር ክረምት እንዲወዱት ፈልጌ ነበር። የጠፋው ገንዘብ ብቻ እንዳልሆነ እንድታውቁት ነው ይህን የምጽፈው።

ወደ እናንተ የመጣሁት ሰው ጠቁሞኝ ነው። ስልክ ያነሳችው እህት ጥሩ ሰው ነበረች። ሁለት ዋጋ ነገረችኝ፣ አንዱ በክፍት ትሬለር፣ ሌላው በዝግ ትሬለር። የዝጉ ዋጋ በጣም ይበልጣል። ዝጉን መረጥኩ። ምክንያቴንም ነገርኳት። ጃንዋሪ ውስጥ ከኒው ዮርክ በአይ-90 አውራ ጎዳና ተነስቶ በክሊቭላንድ፣ በቺካጎና በዊስኮንሲን አድርጎ ሚኔሶታ የሚገባ ዕቃ በረዶ ለማቅለጥ የሚበተነውን ጨው መንገዱን በሙሉ ይጠጣል። ጨዋማው ውኃ ከፊት ካለው መኪና ጎማ እየተረጨ የኤሌክትሪክ መገናኛው ውስጥ ይገባል፣ አሉሚኒየሙን ይበላዋል፣ ኩሽኔታውን ያደርቀዋል። በውሉ ላይ «ዝግ ትሬለር» ተብሎ ተጽፏል። ክፍያውም በዚያው ሒሳብ ነው የተከፈለው። ወረቀቱ እጄ ላይ አለ።

የመጣው ግን ክፍት ነው። በፒካፕ የሚጎተት፣ ጠፍጣፋ፣ ጎንና ጣሪያ የሌለው ትሬለር። ስኖውሞቢሉ ላይ የነበረው ሽፋን ግማሹ ተቀዷል፣ ግማሹ ደግሞ መንገዱን ሙሉ በንፋስ እየተገረፈ ቀለሙን ፍቆታል። ግን ሽፋኑን ተዉት። የፊት ማሰሪያው ላልቶ ማሽኑ ወደ ፊት ተንሸራቶ ትሬለሩ ጫፍ ላይ ካለው የብረት ሣጥን ጋር ተጋጭቷል። የቀኝ ስኪው ተጣሟል። ስኪውን የሚይዘው ስፒንድልና ኤ አርም የሚሉት የእግሩ ብረት ታጥፈዋል። የፊት መስታወቱ ተሰንጥቋል። ከኋላ፣ መቀመጫው ላይ በመስቀል የተወረወረው ቀበቶ ሌዘሩን በልቶ ስፖንጁ ወጥቷል።

ሾፌሩን እዚህ ጋ ላመስግነው። ወጣት ልጅ ነው። ደንግጧል፣ ግን አልዋሸም። «ወንድሜ ይቅርታ፣ ዝጉ ትሬለር ተበላሽቶ ነው በዚህ ና ያሉኝ» አለኝ። ቢል ኦፍ ሌዲንጉ (የጭነት መረከቢያ ወረቀቱ) ላይ ጉዳቱን አንድ በአንድ ስጽፍ አጠገቤ ቆሞ መብራት ያዘልኝ፣ ከዚያም ከሥሩ ፈረመ። ይህን ያደረገ ሾፌር ሊመሰገን ይገባል። እናንተ ያደረጋችሁበትን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ማሽኑን ጋራዥ ወስጄ የፊት ሽፋኑ ሲነሳ ሌላ ነገር ታየ። በልክሄድ የሚሉት፣ ሞተሩንና የፊት እግሮቹን የሚሸከመው የአሉሚኒየም አጥንት፣ ከቀኝ በኩል ተሰንጥቋል። ይህ ከውጭ አይታይም። ከትራኩ በላይ ያለው ማቀዝቀዣም ተወግቶ ፈሳሹን እያንጠባጠበ ነው። ስኪና ኤ አርም መቀየር ቀላል ነው፣ ዕቃውም እዚህ እንደ ልብ ይገኛል። በልክሄድ ሲሰነጠቅ ግን ሞተሩ ወርዶ ማሽኑ ከአፍ እስከ ገደፉ መፈታት አለበት፤ ለዚህ ነው መካኒኩ የሥራው ዋጋ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል ያለኝ። ግምቱ ከ4 ሺህ ዶላር አልፏል። በጽሑፍ ልኬላችኋለሁ፣ ከፎቶው ጋር፣ አማቼ በተጫነበት ቀን ዙሪያውን እየዞረ ከቀረጸው ቪዲዮ ጋር። በዚያ ቪዲዮ ላይ ማሽኑ ይነሳል፣ ይሄዳል፣ ስኪው ቀጥ ያለ ነው።

አሁን ወደ መልሳችሁ ልምጣ።

መጀመሪያ «ጉዳቱ የድሮ ነው» አላችሁ። ቪዲዮውን ስልክላችሁ ያንን ክርክር ተዋችሁት። ቀጥሎ «እኛ እኮ ብሮከር (ደላላ) ነን፣ አጓጓዡ ሌላ ነው» አላችሁ። ታዲያ ፒካፑ በር ላይ የተለጠፈው ስም የማን ነው? ከስሙ ሥር ያለው፣ አጓጓዥ በፌዴራል የሚመዘገብበት ዲኦቲ ቁጥርስ? ፎቶ አንስቼዋለሁ። ቁጥሩን በፌዴራሉ የጭነት ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ማንም ሰው አስገብቶ ማየት ይችላል፣ ነፃ ነው፣ ደቂቃ አይፈጅም። የሚወጣው የእናንተ ድርጅት ነው፣ ሥራውም አጓጓዥ ይላል። ልጁ ፒካፑና ትሬለሩ የራሱ ቢሆኑም የሚሠራው በእናንተ ፈቃድ ሥር ነው። የፌዴራሉ የሊዝ (የመኪና ኪራይ) ደንብ ደግሞ እንዲህ ባለው ውል መኪናው ሙሉ በሙሉ በአጓጓዡ ቁጥጥር ሥር እንደሆነ ተቆጥሮ ኃላፊነቱን የሚወስደው አጓጓዡ ነው ይላል። ገንዘቡን ስትቀበሉ አጓጓዥ፣ ዕቃው ሲሰበር ብሮከር መሆን አይቻልም።

ከዚያ የኢንሹራንሱ ጉዳይ መጣ። ይህን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ስንዋዋል «እኛ ሙሉ ኢንሹራንስ አለን፣ 750 ሺህ ዶላር ድረስ» ተብሎ ተነግሮኛል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ግን 750 ሺው መኪናው መንገድ ላይ ሰው ቢገጭ፣ የሌላ ሰው ንብረት ቢያወድም የሚከፍል ነው። የተጫነውን ዕቃ አይነካም። ለተጫነው ዕቃ የሚከፍለው ካርጎ ኢንሹራንስ የሚባለው ሌላ ውል ነው። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት የቤት ዕቃ ከሚያጓጉዙትና ከሚያስተላልፉት በስተቀር ተራ ጭነት የሚጭን አጓጓዥ ካርጎ ኢንሹራንስ እንዲያስመዘግብ አያስገድድም። ስለዚህ ዕቃ የምትልኩ ወገኖቼ ሆይ፣ «ኢንሹራንስ አላችሁ ወይ» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። የኢንሹራንስ ማረጋገጫ ወረቀቱን አስልኩና ካርጎ የሚለው መስመር ላይ ስንት እንደተጻፈ እዩ። የተጻፈ ነገር ከሌለ ዕቃችሁ ባዶ እጁን ነው የሚጓዘው።

እናንተ በመጨረሻ የሰጣችሁኝ መልስ «የካርጎ ኢንሹራንሳችን በክፍት ትሬለር የደረሰ ጉዳት አይሸፍንም» የሚል ነው። እሺ። አይሸፍን። ክፍቱን ትሬለር የመረጠው ማነው? እኔ የከፈልኩት ለዝግ ነው። ደግሞም ኢንሹራንሱ በእናንተና በኢንሹራንስ ኩባንያው መካከል ያለ ጉዳይ ነው። እሱ ከፈለም አልከፈለም ዕዳው የእናንተ ነው።

ይህን ከራሴ አላመጣሁትም። ከግዛት ወደ ግዛት ለሚጓዝ ጭነት የሚሠራው የካርማክ ሕግ ከ1906 ጀምሮ ያለ ነው። አጓጓዥ የተረከበውን ዕቃ በመንገድ ላይ ለደረሰበት ትክክለኛ ጉዳት ይከፍላል ይላል። በ1964 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከቴክሳስ ወደ ቺካጎ በባቡር ተልኮ በተበላሸ የሜሎን ጭነት ጉዳይ ውሳኔ ሰጥቷል። ባለ ዕቃው ማሳየት ያለበት ሦስት ነገር ነው። ሲሰጥ ደህና እንደነበር፣ ሲደርስ እንደተጎዳ፣ ጉዳቱ ስንት እንደሆነ። ከዚያ በኋላ ሸክሙ ወደ አጓጓዡ ይዞራል። አጓጓዡ ቸልተኛ እንዳልነበረ ማስረዳት አለበት፣ በዚያ ላይ ጉዳቱ የተፈጥሮ አደጋ ወይም የላኪው ጥፋት ወይም የዕቃው የራሱ ባሕርይ ያመጣው መሆኑን፣ ወይም ከጥቂት መሰል ምክንያቶች አንዱን ማሳየት አለበት። እኔ ሦስቱንም በወረቀትና በቪዲዮ ይዣለሁ። እናንተ የያዛችሁትን እስካሁን አላየሁም።

ቸልተኝነት ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን ደግሞ ሾፌሮች ትፈርዱናላችሁ። ደንቡን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ጭነት የሚታሰረው ድንገት ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት የሚመጣውን ግፊት፣ ከክብደቱ 80 በመቶ የሚሆነውን፣ እንዲችል ተደርጎ ነው። ሾፌሩ በመጀመሪያዎቹ 50 ማይሎች ውስጥ ቆሞ ማሰሪያውን ያያል። ከዚያም በየ3 ሰዓቱ ወይም በየ150 ማይሉ፣ ቀድሞ የመጣውን ይዞ እንደገና ያያል። ስኖውሞቢል ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ በስፕሪንግና በሾክ ላይ የተቀመጠ ነገር ስለሆነ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ወደ ታች ይጫናል፣ ወደ ላይ ይነሳል፣ ወደ ታች በተጫነ ቁጥርም ማሰሪያው ይላላል። ስለዚህ ነው ባለሙያዎቹ በሁለቱ ስኪዎች ላይ ወፍራም ባር አጋድመው ከትሬለሩ ወለል ጋር የሚያጠብቁት፣ ከኋላ ደግሞ መከላከያ ብረቱን ይዘው ወደ ታችና ወደ ኋላ የሚጎትቱት። መቀመጫው ላይ ቀበቶ ወርውሮ ማጥበቅ መቀመጫውን ይቀዳል እንጂ ማሽኑን አይዝም። ለሞተር ሳይክል የለመዱትን ማሰሪያ ለስኖውሞቢል መጠቀም አይሠራም። ይህን ለልጁ ያስተማረው የለም። ባር አልሰጣችሁትም። ሌላ ጭነት ስላለ ቶሎ ድረስ ተብሎ ነው የተላከው።

ወደ ልጁ እንመለስ። እንደ ሰማሁት «ፈርመህ ስለሰጠኸው ከሂሳብህ እንቆርጣለን» ተብሏል። ጌታዬ፣ የድርጅቱ ባለቤት፣ ይህን በቀጥታ ለእርስዎ ነው የምለው። ያንን ልጅ አይቅጡት። እውነት የጻፈ ሾፌር ከተቀጣ ቀጣዩ ሾፌር ይዋሻል፣ ዋሽቶም ለእርስዎ አይጠቅምም። በእርስዎ ፈቃድ ሥር በራሱ መኪና ለሚሠራ ሰው ደግሞ የፌዴራሉ የሊዝ ደንብ ግልጽ ነው። ለተጎዳ ዕቃ ገንዘብ የሚቆረጠው በምን ሁኔታ እንደሆነ ውሉ ላይ አስቀድሞ መጻፍ አለበት። ከመቆረጡ በፊትም ለምን እና ስንት እንደሚቆረጥ የሚገልጽ ዝርዝር በጽሑፍ ሊደርሰው ይገባል። በስልክ «ቆርጠንብሃል» ማለት አይበቃም። እኔ የጠየቅሁት ከድርጅቱ ነው። በአንድ ወጣት የወር ገቢ የእኔ ስኖውሞቢል እንዲጠገን አልፈልግም። ክፍት ትሬለር ይዞ እንዲሄድ የወሰነው ቢሮው ነው፣ ይክፈል ቢሮው።

አሁን ከሁሉ በላይ ወዳሳዘነኝ ነገር ልምጣ። ሽምግልናው።

የደብሩ ሰው ተላከብኝ፣ የማከብራቸው አባት። «የእኛ ልጆች ናችሁ፣ በፈረንጅ ፍርድ ቤት አትካሰሱ፣ እንደ ወንድም 500 ዶላር ይስጡህና ይቅር በል» አሉኝ። እኔ ሽምግልና አልጠላም። በሽምግልና ያደግን ሰዎች ነን፣ ብዙ ቤት የቆመው በሱ ነው። ግን የአገራችን ሽማግሌ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ያጠፋኸው ምንድን ነው?» ብሎ ነው። በዳይ ጥፋቱን ያምናል፣ ካሣው ይነገራል፣ ከዚያ ይቅርታው ይመጣል። እናንተ ግን ጥፋቱንም አላመናችሁም፣ ካሣውንም አልቆጠራችሁም፣ ይቅርታውን ብቻ ነው በሽማግሌ የምታስለምኑኝ። እኒያን አባትም አላስረዳችኋቸውም። የመካኒኩን ግምት ሳሳያቸው «ይህን አልነገሩኝም» ነው ያሉት።

ሌላ ደግሞ አለ። ሽምግልናው ሲራዘም ጊዜው ይሄዳል። «በዓሉ ይለፍ»፣ «ባለቤቱ አገር ቤት ሄዷል»፣ «ኢንሹራንሱ እያየው ነው»። በሕጉ መሠረት ውል ላይ ለካሣ ጥያቄ ማቅረቢያ የሚቀመጠው ጊዜ ከ9 ወር ማነስ የለበትም፣ ብዙ አጓጓዦችም የሚጽፉት ይህንኑ 9 ወር ነው። 9 ወር ብዙ ይመስላል። ሰው ግን በስልክና በሽማግሌ እየተባባለ አንድም ነገር በጽሑፍ ሳያቀርብ ሊያልፈው ይችላል። የእናንተ ውል ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው «በ24 ሰዓት ውስጥ ያልቀረበ ጥያቄ ተቀባይነት የለውም» የሚለው ለእኔ አይሠራም። በካርማክ ሕግ ያለኝን መብት ትቻለሁ ብዬ በግልጽ የፈረምኩት ነገር የለም። ይህን መስመር የሚያነብ ስንቱ ደንበኛ ግን አይ በቃ አለፈኝ ብሎ ተቀምጦ ይሆን?

ስለዚህ ዕቃ ተሰብሮባችሁ ይህን ለምታነቡ ሁሉ፣ አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነው። ሾፌሩ ፊት ቢል ኦፍ ሌዲንጉ ላይ መጻፍ ጥሩ ማስረጃ ነው፣ ግን እሱ ብቻውን ክሌም አይባልም። ፎቶ በቴሌግራም መላክም ክሌም አይደለም። ክሌም የሚባለው ጭነቱን ለይቶ የሚጠቅስ፣ ለጉዳቱ ተጠያቂ ናችሁ የሚል፣ ስንት ብር እንደምትጠይቁ የሚናገር ጽሑፍ ነው። ኢሜይል አድርጉት፣ በአደራ ፖስታም ላኩት፣ ቅጂውን አስቀሩ። አጓጓዡ በ30 ቀን ውስጥ ደርሶኛል ብሎ በጽሑፍ መመለስ አለበት። በ120 ቀን ውስጥ ደግሞ ይከፍላል፣ ወይም አልከፍልም ይላል፣ ወይም ቁርጥ ያለ የማስታረቂያ ዋጋ ያቀርባል። ካልቻለ ያልቻለበትን ምክንያት ይጽፋል፣ ከዚያም በየ60 ቀኑ ያለበትን ደረጃ ያሳውቃል። አልከፍልም ብሎ በጽሑፍ ካሳወቀ፣ ክስ ለመመሥረት ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚሰጠው ጊዜ ከ2 ዓመት ሊያንስ አይችልም። ዕቃውን ስትረከቡ ቸኩላችሁ «ደህና ነው» ብላችሁ ፈርማችሁ ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ። ማስረጃው ይከብዳችኋል እንጂ መብታችሁ አልጠፋም። እንደ በልክሄድ ያለ የተደበቀ ስብራት በር ላይ ቆሞ የሚያይ የለም።

ለፌዴራሉ የጭነት ደኅንነት መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማስገባትም ይቻላል፣ እኔም አስገብቻለሁ። ግን እወቁት፣ መሥሪያ ቤቱ ገንዘባችሁን አያስመልስም። አቤቱታው በድርጅቱ መዝገብ ላይ ይቀመጣል፣ ከበዛ ይመረመራል። ገንዘቡን የሚያስከፍለው ፍርድ ቤት ነው። እዚህ ሚኔሶታ ኮንሲሊየሽን ኮርት የሚባለው የአነስተኛ ክርክሮች ችሎት እስከ 20 ሺህ ዶላር ያለ ጉዳይ ያያል። ጠበቃ የግድ አያስፈልግም። አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ሰው መጠየቅ ይችላል። የእናንተም ቢሮ እዚሁ ሚኔሶታ ነው።

ከልቤ የምናገረው፣ ወደዚያ መሄድ አልፈልግም። ሐበሻ የከፈተው ድርጅት ሲያድግ ደስ ይለኛል። አንድ ፒካፕ ይዞ ጀምሮ፣ በየነዳጅ ማደያው እየተኛ፣ ልጆቹን ሳምንት ሙሉ ሳያይ ድርጅት ያቆመ ሰው ምን ያህል እንደለፋ አውቃለሁ። ወንድሜም ሾፌር ነው። ስሜን ለምን አጠፋህ እንዳትሉኝ ነው ስማችሁን የተውኩት። ግን ልፋታችሁን ስላከበርኩ የእኔን ልፋት ልተው አልችልም። እኔም ያንን ገንዘብ በሌሊት ፈረቃ ነው ያጠራቀምኩት።

የምፈልገውን ልናገር። ክሌሙ እንደደረሳችሁ በጽሑፍ አረጋግጡልኝ፣ ምክንያቱም እስካሁን ከስልክ በቀር ምንም አላገኘሁም። የጥገናውን ግምት ክፈሉ። የራሳችሁን መካኒክ ልካችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ማሽኑ ጋራዡ ውስጥ ነው፣ ሳይፈታ እንዲቆይ ጠይቄያለሁ፣ ቀን ንገሩኝና ይምጣ። በዝግና በክፍት ትሬለር መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት መልሱ፣ ያልሰጣችሁኝን አገልግሎት ነው ያስከፈላችሁኝ። አልከፍልም ካላችሁም ምክንያቱን ጽፋችሁ ላኩ፣ እሱም መልስ ነው። የካርጎ ኢንሹራንሳችሁን ስምና የውል ቁጥርም እፈልጋለሁ፣ ራሴው እጠይቃቸዋለሁ።

ልጁን በተመለከተ፣ ከሂሳቡ የተቆረጠ ነገር ካለ መልሱለት። ፍርድ ቤት ብንገናኝ በምስክርነት የምጠራው እሱን ነው፣ ያየውን እንዲናገር።

ሽማግሌ መላክ ከፈለጋችሁ በሬ ክፍት ነው፣ ቡና አፈላለሁ። ሽማግሌው ግን የመካኒኩን ግምትና የእናንተን የጽሑፍ መልስ በእጁ ይዞ ይምጣ። ክሌሙን ከላክሁ 120 ቀን የሚሞላው በዚህ ወር መጨረሻ ነው። እስከዚያ ቀን በኢሜይል መልሳችሁን እጠብቃለሁ። በማግስቱ የክሱን ቅጽ አስገባለሁ፣ ተሞልቶ ተዘጋጅቷል።

ከአክብሮት ጋር
ከሴንት ፖል፣ ሚኔሶታ